ነጥብ የቀነስኩበት ተማሪ

ጥያቄ፦

“ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የውስጥ ደዌ ሕክምና የመጨረሻ ዓመት ሬዚደንት (ስፔሻሊስት ለመሆን የምሠለጥን ሐኪም) ነኝ። ካርዲዮሎጂ፣ የልብ ሕክምና፣ ከተማሪነቴ ጀምሮ የምመኘው ሙያ ነው። የክፍላችን ኃላፊም ፌሎሺፑን፣ የልብ ሕክምና ልዩ ሥልጠናውን፣ ጨርሼ በመምህርነትና በተመራማሪነት እንድቀር ነግረውኛል። ከሦስት ወር በፊት የሆነው ነገር ግን ሐሳቤን አናወጠው።

ተረኛ ነበርኩ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ደረቱን የሚያቃጥለው አንድ የ52 ዓመት ሰው መጣ። ኢሲጂው (የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራው) ደህና ነበር። ነርሷ ‘ዶክተር፣ ሰውየውን እኮ እያላበው ነው’ ብላኝ ነበር። የጨጓራ መድኃኒት ሰጥቼ ላክሁት። በማግስቱ ማታ ትንፋሽ አጥሮት ተመለሰ፤ የልቡ የፊት ግድግዳ ተጎድቷል። ተርፏል፤ ልቡ ግን ደክሟል። በሞርኒንግ ሰዓት፣ በጠዋቱ የሐኪሞች ስብሰባ፣ አንድ ሲኒየር በሁሉም ፊት ‘አንቺ ነሽ ካርዲዮሎጂስት የምትሆኚው?’ አሉኝ። ከዚያ ወዲህ እያንዳንዱን የደረት ሕመም ሦስት ጊዜ እመረምራለሁ፤ እቤት ገብቼም እንቅልፍ የለኝም።

ሌላው ችግሬ መርመር፣ ያልተለመደውን የልብ ድምፅ፣ መስማት ነው። ጓደኞቼ የሚሰሙትን እኔ አልሰማም። ኢኮ፣ የልብ አልትራሳውንድ፣ እያለስ ምን ያደርጋል እላለሁ። ደግሞ አብረውኝ የተመረቁት በግል እየሠሩ የእኔን እጥፍ ድርብ ያገኛሉ። ልጅ መውለድም እፈልጋለሁ። እርስዎ ዕድሜዎን በዚህ ሙያ የጨረሱ ሰው ነዎት፤ እውነቱን ይንገሩኝ፤ የእኔ ዓይነት ሰው ለዚህ ይሆናል?

ግራ የገባት ሬዚደንት”

መልስ፦

ልጄ፣ ዕድሜዬ ስለሚፈቅድልኝ እንዲህ ብዬ ልጥራሽ። “ዶክተር” የሚለውንማ ቀኑን ሙሉ ስትሰሚው ትውያለሽ።

ደብዳቤሽ ብዙ ጥያቄ ይዟል። ከዚያች ሌሊት በፊት ብትጽፊልኝ ኖሮ ግን ግማሹን አታነሺውም ነበር ብዬ እጠረጥራለሁ። ጆሮሽን መጠራጠር የጀመርሽው፣ የጓደኞችሽ ገቢም ዓይንሽ ውስጥ የገባው ከዚያ ወዲህ ነው። ስለዚህ ከሌሊቷ እንነሳ።

ኢሲጂው ደህና ነበር ብለሻል፤ አምንሻለሁ። ወረቀቱ ላይ የሚወጣው ግን የአሥር ሰከንድ ያህል ወሬ ብቻ ነው። ሰውየውን ማቃጠል ከጀመረው ሁለት ሰዓት ቢሆነው፣ ከሁለት ሰዓቱ አሥር ሰከንድ አይተሽ ፈረድሽ ማለት ነው። የልብ ቧንቧ ውስጥ ደም ሲረጋ አንድ ጊዜ ተዘግቶ አይቀርም፤ ሲዘጋ ሲከፈት ይቆይና ኢሲጂውን ለጊዜው ደህና ሊያስመስለው ይችላል። ትሮፖኒን የሚባለው፣ በደም ምርመራ የሚታየው የልብ ጡንቻ ፕሮቲንም ከተጎዳው ጡንቻ ወጥቶ ደም ውስጥ በደንብ እስኪታይ ጊዜ ይፈልጋል። ሕመሙ ካልለቀቀው በመጀመሪያው ሰዓት ውስጥ ኢሲጂውን በየ15 እስከ 30 ደቂቃው ድገሙት የሚባለው ለዚህ ነው። ይህን ታውቂያለሽ፤ ፈተና ላይ ብትጠየቂ ሳታስቢ ትመልሺው ነበር። ታዲያ ለምን አልደገምሽውም?

“የሚያቃጥለው” የሚለው ቃልሽ ላይ በእርሳስ አስምሬበታለሁ። ቃሉን የሰጠሽ ታካሚው ራሱ ነው። “ያቃጥለኛል” ሲልሽ ጨጓራ የሚለው ስም ቀድሞ መጣ፤ ስሙ ከመጣ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ለስሙ ማደር ጀመረ። ደህናው ኢሲጂ ስሙን አጸናልሽ። ላቡ ግን ከስሙ ጋር አልሄደም፤ ስለዚህ ላቡ ተጣለ። እኔን ኢሲጂውን ካለመድገምሽ ይልቅ የሚያሳስበኝ ይኸኛው ነው። ነርሷ ያመጣችልሽ በዚያች ሌሊት ከነበረው ማስረጃ ሁሉ የከበደው ነበር። እስካሁን ካላመሰገንሻት ሄደሽ አመስግኛት፤ ከአሁን በኋላም አይታ ዝም እንዳትልሽ።

ሦስት ጊዜ መመርመሩን ተዪው። ያንኑ ነገር ሦስት ጊዜ ማየት ያላየሽውን አያሳይሽም፤ ድካምሽን ብቻ ነው የሚያበዛው። ይልቅ አንድን ሰው ወደ ቤቱ ከመላክሽ በፊት ራስሽን አንዲት ነገር ጠይቂ፤ ከሰጠሁት ስም ጋር የማይሄደው ምኑ ነው? መልሱን ካርዱ ላይ ጻፊው። “ላብ፤ ምክንያቱ አልታወቀም” ብለሽ በገዛ እጅሽ ከጻፍሽ በኋላ ሰውየውን መላክ ያስቸግርሻል።

እኔ ይህን የተማርኩት በአንዲት ነፍሰ ጡር ነው። የሁለተኛ ዓመት ሬዚደንት ነበርኩ። የስድስት ወር እርጉዝ ናት፤ ዕድሜዋ ከሃያዎቹ መጀመሪያ አያልፍም፤ ትንፋሽ አጥሯት መጣች። ደረቷ ያፏጫል። አስም ብዬ የሚሳብ መድኃኒት ሰጠኋት። መድኃኒቱ ልቧን አስሮጠው፤ ባሰባት። በባሰባት ቁጥር እኔም መጠኑን ጨመርኩ። ሌሊቱን እንዲሁ ስንገፋው አደርን።

ጠዋት መምህራችን ለራውንድ መጡ። ብዙ የማይናገሩ ሴት ነበሩ፤ ሲያሞግሱም ሲቆጡም ሰምቼ አላውቅም። ታካሚዋን በግራ ጎኗ አስተኟት። የስቴቶስኮፑን ቤል (ዝቅ ያለ ድምፅ የሚያሰማውን ጎን) የልቧ ጫፍ ላይ፣ ቆዳውን ነካ ብቻ አድርገው፣ አሳረፉት። ትንሽ አዳመጡና ማዳመጫውን ከጆሯቸው አውጥተው ለእኔ ሰጡኝ። መጀመሪያ ምንም አልሰማሁም። ከዚያ ከሩቅ የሚያልፍ የጭነት መኪና የመሰለ ዝቅ ያለ ጉርምርምታ ቀስ እያለ መጣልኝ። የሚትራል ቫልቭ (በልብ ግራ ክፍሎች መካከል ያለው በር) ጥበት ነበር።

በእርግዝና ጊዜ የሴቷ ደም ከ40 እስከ 50 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ልቧም ይፈጥናል። ልብ ሲፈጥን የሚያጥረው በምት መካከል ያለው የእረፍት ጊዜ ነው፤ ደም በሚትራል ቫልቭ በኩል የሚያልፈው ደግሞ በዚያችው ጊዜ ነው። የጠበበ በር፣ የበዛ ሕዝብ፣ ያጠረ ሰዓት። ማለፍ ያልቻለው ደም ወደ ሳንባ ይመለስና ሳንባው ያፏጫል። እኔ ታዲያ ሌሊቱን ሙሉ ልቧን ሳስሮጥ ያደርኩት፣ ጊዜ ያጠረውን ቫልቭ የቀረችውን ጊዜ እየቀማሁት ነበር።

ውኃውን የሚያስወጣና ልቧን የሚያዘገይ መድኃኒት ተሰጣትና በሁለተኛው ቀን ጋደም ብላ መተኛት ቻለች። መምህሬ ስለ ሌሊቱ አንድም ጊዜ አላነሱብኝም። ከሳምንት በኋላ ግን “ያቺን ታካሚ ለተማሪዎቹ አንተ አስረዳቸው” አሉኝ። ሃያ የሚሆኑ ተማሪዎች ፊት ቆሜ “እኔ አስም ነው ብዬ ነበር” ስል ጉልበቴ ይንቀጠቀጥ ነበር። ያስተማርኩት የመጀመሪያው ትምህርት ያ ነው። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ደግሜዋለሁ፤ ጉልበቴ መንቀጥቀጡን የተወው ከአምስተኛው ዓመት በኋላ ይመስለኛል።

የአንቺም ስህተት በሰው ፊት ወጥቷል፤ የእኔም ወጥቷል። እኔን ግን መምህሬ ራሴ እንድናገረው ነው ያደረጉኝ፤ አንቺን ደግሞ ሌላ ሰው ተናገረብሽ። የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል። በሞርኒንግ የተዋረዱ ሬዚደንቶችን ብዙ አይቻለሁ። ከነሱ አብዛኞቹ የተማሩት የሚቀጥለውን ስህተት መደበቅ ነው። ይህን የምለው ንጹሕ ሆኜ አይደለም፤ እኔም ደክሞኝ በነበረባቸው ቀናት ምሳር አንስቼ አውቃለሁ።

ወደ ጆሮሽ ልምጣ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው የሚባለው ለሌላ ነገር ቢሆንም እዚህም ይሠራል፤ ጆሮሽ ምን መስማት እንደሚችል አንቺ ገና አታውቂም። ላኔክ እ.ኤ.አ. በ1816 ፓሪስ ውስጥ ጆሮውን አንዲት ወጣት ደረት ላይ መለጠፍ አሳፍሮት ወረቀት ጠቅልሎ ሲያዳምጥ ስቴቶስኮፕ ተወለደ። ያው ላኔክ ግን ሁለተኛውን የልብ ድምፅ የልብ የላይኞቹ ክፍሎች ሲኮማተሩ የሚወጣ ነው ብሎ ተሳስቷል። መሣሪያውን የፈጠረው ሰው የሰማው ድምፅ ምን እንደሆነ ካላወቀ፣ አንቺ በሦስት ዓመት ውስጥ ባይገባሽ ምን ይገርማል?

ሄለን ታውሲግ የምትባል ሐኪም ደግሞ ነበረች፤ የሕፃናት ካርዲዮሎጂ እናት ትባላለች። ገና ወጣት ሐኪም ሳለች ጆሮዋ እየደከመ ሄደ። ከንፈር ማንበብ ተማረች፤ የሕፃናቱን ልብ በእጇ መዳፍና በጣቶቿ ታዳምጥ ነበር። ሰማያዊ ሆነው የሚወለዱት ሕፃናት ዳክተስ የሚባለው የፅንስ ቧንቧ ክፍት እስካለ ድረስ ደህና ሆነው፣ ሲዘጋ እንደሚብስባቸው ያስተዋለችውም እሷ ነበረች። ታዲያ ቧንቧውን በቀዶ ሕክምና ብንሠራላቸውስ የሚል ሐሳብ መጣላት። እ.ኤ.አ. ኅዳር 29 ቀን 1944 ባልቲሞር ውስጥ አልፍሬድ ብላሎክ የመጀመሪያዋን ሕፃን ሲሠራላት፣ ከኋላው ቪቪየን ቶማስ የሚባል ጥቁር አሜሪካዊ ቆሞ እንዲህ አድርግ፣ በዚህ በኩል ስፋ እያለ ይመራው ነበር። ዘዴውን በእንስሳት ላይ ሞክሮ ያበቃው ቶማስ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ ግን አልገባም ነበር። ስሙ ከሌሎቹ ጋር እኩል መጠራት እስኪጀምር በጣም ብዙ ዓመት ፈጀ። የአካዳሚ ሕክምና፣ የማስተማሩና የምርምሩ ዓለም፣ ውስጥ ይህም እንዳለ አብረሽ እወቂ።

ኢኮ እያለስ ላልሽው፣ ልክ ነሽ፣ ኢኮ ከጆሮ ይበልጣል። እ.ኤ.አ. በ1953 ስዊድን ውስጥ ኤድለርና ሄርትዝ ከመርከብ ፋብሪካ በተዋሱት የብረት ስንጥቅ መፈለጊያ መሣሪያ ልብን ካዩ ወዲህ ክርክሩ አልቋል። ግን ለዚያች ነፍሰ ጡር በሌሊት ኢኮ ያዘዘላት ማነው? ማንም። የታዘዘው የአስም መድኃኒት ነው፤ ምክንያቱም የሚያዘው ሰው ልቧን በደንብ አላዳመጠም። ስለዚህ እንዲህ አድርጊ። ኢኮ ክፍል የሚሄድ ታካሚ ሁሉ ዘንድ ቀድመሽ ድረሺ፤ አዳምጪ፤ የመሰለሽን በትንሽ ደብተር ጻፊ፤ ከዚያ ውጤቱን እዪ። ተሳሳትሽም አልተሳሳትሽም ተመልሰሽ አንዴ ድገሚ። ስድስት ወር በዚህ ከቆየሽ በኋላ ስለ ጆሮሽ እንደገና እናወራለን።

አሁን ወደ ዋናው። “የእኔ ዓይነት ሰው ለዚህ ይሆናል?” ስትይ በአእምሮሽ ያለው ሰው ይታየኛል፤ የማይሳሳት፣ ሲጠየቅ የማያመነታ፣ ሁሉን ያወቀ ፕሮፌሰር። እኔ በአካዳሚ የኖርኩት እንዲህ ባለ እውቀት አይደለም። ሁለት ታሪክ ልንገርሽ፤ ሁለቱም ያሳፍሩኛል።

ሬዚደንት ሳለሁ እንዲህ ተብለን ነበር፤ ልቡ የተጎዳ ሰው ከመስመር የወጡ ተጨማሪ ምቶች ከበዙበት የመሞት ዕድሉ ይጨምራል። ይህ እውነት ነው። ኤንካይናይድና ፍሌካይናይድ የሚባሉት መድኃኒቶች ምቶቹን ያጠፋሉ። ይህም እውነት ነው። እንግዲያው መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ዕድሜው ይረዝማል። ማን ይህን ይጠራጠራል? እኛም እንሰጥ ነበር። የሚቀጥለው ኢሲጂ ጸድቶ ሲመጣ ደስ ይለን ነበር፤ ለታካሚው “ይኸው፣ እየው” ብለን እናሳየው ነበር።

ካስት የሚባለው ጥናት ይህን ሊያረጋግጥ ተነሳ። መድኃኒቱ ምታቸውን ያስተካከለላቸውን 1,498 ሰዎች በዕጣ ከፍሎ ለግማሾቹ መድኃኒቱን፣ ለግማሾቹ ባዶ ክኒን ሰጠ። እ.ኤ.አ. በ1989 እነዚህ ሁለት መድኃኒቶች የሚጠኑበት ክፍል በአስቸኳይ ተቋረጠ። የመጨረሻው ቁጥር ሲወጣ መድኃኒቱን ከወሰዱት 755 ሰዎች 63 ሞተዋል፤ ባዶውን ከወሰዱት 743 ደግሞ 26። በአማካይ አሥር ወር ብቻ ነው የተከታተሏቸው። ምቶቹ ጠፍተዋል፤ ሰዎቹም ጠፍተዋል።

ዜናውን ያነበብኩት ሌሊት ተረኛ ሆኜ ነው። ጠዋት ካርድ ክፍል ሄጄ በፊርማዬ የታዘዘላቸውን ቆጠርኩ። አሥራ አንድ ናቸው። ሁለቱ ሞተዋል። መድኃኒቱ ይግደላቸው ሕመማቸው፣ ከአንድ ሰው ካርድ ላይ ማወቅ አይቻልም። ጥናት የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው፤ አልጋው አጠገብ የቆመ ሐኪም የቱንም ያህል ደግና ንቁ ቢሆን እሱ የሰጠው መድኃኒት ሰው እየገደለ እንደሆነ ላያይ ይችላል። እኔ ያየሁት የጸዳ ኢሲጂ ነው።

ያኔ ነው በአካዳሚ ለመቅረት የወሰንኩት። ብዙ ሰው ከፍ ያለ ምክንያት የነበረኝ ይመስለዋል። ፈርቼ ነው፤ ሌላ ምን የማላውቀው ነገር እየሠራሁ ይሆን ብዬ።

ሁለተኛው ታሪክ የአንድ ተማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 አዲስ መምህር ነበርኩ፤ የቃል ፈተና እፈትናለሁ። የልብ ድካም ያለበትና የተረጋጋ ታካሚ ሰጥቼ “ምን ትጨምርለታለህ?” አልኩት። ልጁ ትንሽ አሰበና “ቤታ ብሎከር፤ በጣም በትንሽ መጠን ተጀምሮ” አለ። ሳቅሁ። አድሬናሊንን ከልብ ላይ የሚከለክል፣ የደከመን ልብ የበለጠ የሚያዳክም መድኃኒት! በዚያ ዘመን በየመጽሐፉ ክልክል ተብሎ ተጽፏል። “ታካሚህን ገደልከው” አልኩትና ነጥብ ቀነስኩበት። ፊቱ ሲቀላ አየሁ። አዎ፣ እኔም ምሳር አንስቼ አውቃለሁ ያልኩሽ ይህን ነው።

እኔ የማላውቀው ነገር ነበር። ስዊድን፣ ጎተንበርግ ውስጥ ዋግስታይንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1975 ልባቸው ለደከመ ሰባት ሰዎች ቤታ ብሎከር ሰጥተው እንደተሻላቸው ጽፈው ነበር። ሰባት ሰው! ያመናቸው ጥቂት ነው። የደከመ ልብ ላይ አድሬናሊን ሲበዛበት ዛሬን ያቆመዋል፤ ውሎ ሲያድር ግን ጡንቻውን ይጎዳዋል፤ ያንን ጅራፍ ከላዩ ላይ ብናነሳለትስ ነበር ሐሳባቸው። እ.ኤ.አ. በ1999 ሲቢስ ሁለት እና ሜሪት የተባሉት ሁለት ትልልቅ ጥናቶች ወጡ፤ ሁለቱም ሞትን በሲሶ ያህል ቀነሱ። ከሰባቱ ሰዎች እስከዚያ ሃያ አራት ዓመት ነው። በመካከሉ ያሉትን ዓመታት አስቢያቸው፤ ይሳቅባቸዋል፣ የምርምር ገንዘብ ሲጠይቁ ይመለሳሉ፣ እንደገና ይጽፋሉ።

የዚያን ተማሪ ስም ከድሮ የውጤት መዝገብ ፈልጌ አገኘሁትና ደብዳቤ ጻፍኩለት። “ልክ ነበርክ፤ ያጠፋሁት እኔ ነኝ” አልኩ። መልሱ አጭር ነበር። “መምህር፣ አስታውሳለሁ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልክ መሆኔን አላውቅም ነበር፤ አንድ መጽሔት ላይ በአጋጣሚ አይቼ ነው” ይላል። የዓይን ሐኪም ሆኗል። በእኔ ምክንያት ይሁን አይሁን አልጠየቅሁትም።

እንግዲህ የሰጠነው ገደለ፣ የከለከልነው አዳነ፤ በአሥር ዓመት ውስጥ፣ በአንድ ክፍል፣ በአንድ ሰው እጅ። አካዳሚ ካርዲዮሎጂ ማለት እኔ ለኖርኩበት ሰው ይኸው ነው። ስህተት አይፈራም ማለቴ አይደለም፤ ይፈራል። ግን ቁጥር ይዞ ሲመጣ በሩን ትከፍችለታለሽ። አንቺ ላቡን የጣልሽው ሌሊት በሩን ዘግተሽ ነበር፤ ለእኔ የጻፍሽ ዕለት ከፍተሻል። ስለዚህ ለጥያቄሽ መልሴ ምናልባት ትሆኛለሽ ነው። ምናልባት ያልኩት መፈተኛ ስላለው ነው።

መፈተኛው ይኸው። በእናንተ ድንገተኛ ክፍል ባለፈው አንድ ዓመት በደረት ሕመም መጥተው፣ የመጀመሪያ ኢሲጂያቸው ደህና ሆኖ ወደ ቤት ከተላኩት ውስጥ ሁለተኛ ኢሲጂ የተነሱት ስንቶቹ ናቸው? አታውቂም። ኃላፊሽም አያውቁም። ያ ሲኒየርሽም ቢሆን አያውቁም። አንድ ገጽ ጽፈሽ ለሥነ ምግባር ኮሚቴው አቅርቢ፤ ሲፈቀድልሽ ካርድ ክፍል ግቢና መቁጠር ጀምሪ። አቧራ አለው፤ የማይነበብ ጽሑፍ አለው፤ ግማሹ ካርድ ጠፍቷል ይሉሻል። አርባኛው ካርድ ላይ ስትደርሺ ራስሽን ታዘቢ። አርባ አንደኛውን ለማየት ከጓጓሽ ቅሪ። ከሰለቸሽ ደግሞ ጎበዝ ካርዲዮሎጂስት ሁኚና ታካሚ እዪ፤ በዚህ ውስጥ ምንም ዝቅ ማለት የለም። ዓለም የሚጎድለው ጥሩ የሚያክም እንጂ ያለ ፍላጎቱ ጥናት የሚጽፍ ሰው አይደለም። ለማዕረግ ብቻ የተጻፈ ጽሑፍ ብዙ ገምግሜያለሁ፤ ሽታው ከርዕሱ ይጀምራል።

የእኔን የመጀመሪያ ጽሑፍ አራት መጽሔቶች መለሱት። ሦስተኛው ገምጋሚ “የምታወዳድራቸው ሁለት ቡድኖች ከመጀመሪያውም አይወዳደሩም” ብሎ ጻፈ። አንድ ሳምንት ሙሉ ሰደብኩት። ከዚያ ሠንጠረዡን አውጥቼ አየሁት፤ ሰውየው ትክክል ነበር።

ፌሎሺፕ ስትመርጪ በዓመት ስንት ስቴንት (የልብ ቧንቧን ከፍቶ የሚይዝ ቱቦ) እንደሚገባ ብቻ አትጠይቂ። ችግር የገጠመው ታካሚ ጉዳይ እንዴት እንደሚነሳ ጠይቂ፤ ማን እንደሚናገር፣ ማን ዝም እንደሚል። አንድሪያስ ግሩንትዚግ እ.ኤ.አ. በ1977 ዙሪክ ውስጥ የመጀመሪያውን የልብ ቧንቧ በፊኛ ከከፈተ በኋላ ሌሎች ሐኪሞችን ሰብስቦ ሥራውን በካሜራ በቀጥታ ያሳይ ነበር፤ ሲሳካም ሳይሳካም። እንደዚያ ያለ ሰው ያለበትን ክፍል ፈልጊ።

ስለ ገንዘብ ረጅም የምለው የለኝም። በአካዳሚ ያነሰ ታገኛለሽ። ገንዘብ ለቸገረው ሰው “ገንዘብ ምንም አይደለም” ማለት ስድብ ስለሆነ አልልሽም። እኔ ልጆቼ ትንንሽ ሳሉ ዘጠኝ ዓመት በሳምንት ሁለት ማታ በግል ሠርቻለሁ፤ አልጸጸትም፤ የተቀማው የጽሑፍ ሰዓቴ ነበር። ከቤተሰብሽ ጋር ቁጭ ብለሽ ቁጥሩን በወረቀት አውርጂው። የጓደኛሽን ገቢ ሳይሆን የራስሽን ወጪ።

ልጅ ውለጂ። ሥልጠናው እስኪያልቅ ልጠብቅ ካልሽ ሁልጊዜ የሚቀጥል ሥልጠና አለ። ካት ላብ (የልብ ቧንቧ በኤክስሬይ እየታየ የሚታከምበት ክፍል) ውስጥ ጨረር አለ፤ የሚያሰጋሽ እሱ ከሆነ በእርግዝና ጊዜ ለፅንሱ የሚመከረው ወሰን 1 ሚሊሲቨርት ነው። ከእርሳስ መከላከያው ሥር መለኪያ ታደርጊያለሽ፤ በየወሩ ይነበባል፤ ኃላፊሽንም ቀድመሽ ታሳውቂያለሽ። ኢኮ፣ የልብ ድካም ክሊኒክ፣ የተወለዱበት የልብ ችግር ያላቸው አዋቂዎች ሕክምና ደግሞ አብዛኛው ሥራቸው ከጨረር የራቀ ነው። እኔ በበኩሌ የልጆቼን የመጀመሪያ እርምጃ ያየሁት አንዱን ብቻ ነው። ይህን ያህል ከተናገርኩ ይበቃል፤ ባለቤቴ ዓምዱን ታነባለች።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ ደብዳቤሽ ውስጥ ፈልጌ ያጣሁት። ሰውየው ያውቃል? ነርሷን፣ ሲኒየሩን፣ ኃላፊውን፣ እንቅልፍሽን ሁሉ ጽፈሽልኛል። ለታካሚው ምን እንዳልሽው ግን የለም። ካልነገርሽው ኃላፊሽን አማክረሽ አብራችሁ ንገሩት። በዚያች ሌሊት ኢሲጂው መደገም ነበረበት፣ አልደገምኩትም፣ አዝናለሁ በይው። ጥያቄ ካለው እስኪጨርስ ተቀመጪ። ሊቆጣ ይችላል፤ መብቱ ነው።

ሦስት ወር ሆኖታል ብለሻል። ደንዝዞ የነበረው የልብ ጡንቻ ካገገመ እስካሁን ይታያል፤ ኢኮው የሚደገምበት ጊዜ ደርሷል። የሚወስደውን ተመልከቺ። ቤታ ብሎከሩ ከተጀመረበት ትንሽ መጠን ሳይነሳ ቀርቶ ከሆነ፣ የልብ ምቱና የደም ግፊቱ ከፈቀዱ ቀስ እየተባለ መጨመር አለበት፤ ብዙ ክሊኒክ ውስጥ የሚረሳ ነገር ነው። ኢኮው ከመነሳቱ በፊት በግራ ጎኑ አስተኝተሽ አዳምጪው፤ የመሰለሽን ደብተርሽ ላይ ጻፊ። ከዚያ ሁለቱንም፣ ያንቺን ግምትም የኢኮውንም ውጤት፣ ላኪልኝ።